ኦሪጂናሉን አትንካው

መኪናዋን የገዛሁ ዕለት ደላላው ስለ ሞተሯ ብዙም አልነገረኝም። ጎማዋን በጫማው ጫፍ መታ መታ አደረገና የሾፌሩን በር ከፈተ፤ ዳሽቦርዱ መሐል ወደተቀመጠው ቴፕ በጣቱ እያመለከተ፣ «ጋሼ፣ ይቺን መኪና ማንም አልነካካትም። ቴፗን ይመልከቱት! ከፋብሪካ እንደወጣ ነው» አለኝ። መኪናዋ እ.ኤ.አ. የ1998 ሥሪት ቶዮታ ራቭ ፎር ናት። እኔም ስለ ቴፕ የማውቅ ሰው ይመስል፣ አየሁና ራሴን ነቀነቅሁ።

በከተማችን የአሮጌ መኪና ገበያ «ኦሪጂናል» የሚለውን ያህል የተከበረ ቃል ያለ አይመስለኝም። ቀለሟ ኦሪጂናል፣ መስታወቷ ኦሪጂናል፣ የወንበሯ ልብስ ኦሪጂናል ከተባለ ዋጋዋ ከፍ ይላል። «ተነካክታለች» ከተባለች ደግሞ ገዢው ፊቱን ያዞራል። ለሞተርና ለሻንሲ ሲሆን ነገሩ እውነት አለው፤ አልክድም። ለቴፕ ግን?

የእኔው ኦሪጂናል ቴፕ ከኦሪጂናል ስፒከሮቹ ጋር የሚያሰማኝ ይህን ነበር፤ በግራ በር በኩል ዜና አንባቢው ንብ የዋጠ ይመስላል፤ በቀኝ በኩል ጭራሽ ዝም ነው፤ የኋላዎቹ መኪናዋ ጉድጓድ ስትገባ ብቻ ነቅተው ሁለት ቃል ተናግረው ይተኛሉ። ካሴት የሰጠሁት ዕለት ደግሞ ክሩን ጎትቶ በላው። ጎረቤቴ «ነገ ብትሸጣት ይጠቅምሃልና ኦሪጂናሉን አትንካው» ይለኛል። ከሰፈራችን በታች የሚሠራው ወጣት የመኪና ኤሌትሪሽያን በበኩሉ «ጋሼ፣ ግማሽ ቀን ይስጡኝ፤ ነቅዬ ባለ ስክሪን እገጥምልዎታለሁ» ይላል። በሁለቱ መሐል ከረምሁ። ለማመንታቴ ሌላም ምክንያት ነበረኝ፤ በዳሽቦርዱ ኪስ ውስጥ ያስቀመጥኋት አንዲት ካሴት። ስለ እሷ ኋላ እመለሳለሁ።

እያመነታሁ ሳለ ስለ መኪና ራዲዮ ታሪክ ማንበብ ጀመርሁ። ያገኘሁት ነገር የደላላውን አባባል ከሥሩ የሚገለብጥ ሆነ። የመኪና ራዲዮ ሲጀመር ከፋብሪካ አልወጣም። ራዲዮን መኪና ውስጥ ያስገቡት የሰው መኪና በመሰርሰሪያ እየበሱ የነካኩ ሰዎች ናቸው።

ከእነዚህ አንዱ ፖል ጋልቪን የሚባል አሜሪካዊ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1928 ከወንድሙ ከጆሴፍ ጋር በቺካጎ ከተማ አንዲት ትንሽ ድርጅት አቋቋመ። ሥራው የቤት ራዲዮን ከባትሪ አላቅቆ በቤት ኤሌክትሪክ የሚያሠራ መሣሪያ መሸጥ ነበር። ከአንድ ዓመት በኋላ አሜሪካ በኢኮኖሚ ውድቀት ተመታች። ጋልቪን የሚሸጠው ነገር ሲያጣ ዓይኑን ወደ መኪና አዞረ። ሰው እንጀራውን ቢያጣም መኪናውን አይለቅም ብሎ አስቦ ይሆን? ብቻ እ.ኤ.አ. በ1930 የራዲዮ አምራቾች ማኅበር በአትላንቲክ ሲቲ ጉባኤ ሲያደርግ፣ ባልደረቦቹ እየተጣደፉ አንድ ራዲዮ በራሱ ስቱድቤከር መኪና ውስጥ ገጠሙለት። ከቺካጎ 1,300 ኪሎ ሜትር ያህል ነድቶ ደረሰ። በአዳራሹ ውስጥ የማሳያ ቦታ የሚከራይበት ገንዘብ አልነበረውም። መኪናውን ደጃፍ ላይ አቆመና ራዲዮውን ጮክ አድርጎ ከፈተው። ለጉባኤው የመጡት ነጋዴዎች ሲገቡና ሲወጡ ከቆመ መኪና ውስጥ ሙዚቃ ሰሙ፤ ጠጋ ብለው አዩ፤ አንዳንዶቹም አዘዙ።

የዕቃው ስም «ሞቶሮላ» ነበር። «ሞቶር» የመኪናው ነው፤ «ኦላ» የምትለው ጅራት የመጣችው በዚያ ዘመን የሸክላ ማጫወቻው «ቪክትሮላ» እጅግ ስለታወቀ፣ ድምፅ የሚያሰማ ነገር ሁሉ በእሷ እንዲያልቅ ይፈለግ ስለነበረ ነው። ድርጅቱ ራሱ ስሙን ወደ ሞቶሮላ የለወጠው ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1947 ነው። አንባቢ ይህን ስም በሌላ በኩል ያውቀው ይሆናል፤ እ.ኤ.አ. በ1973 ማርቲን ኩፐር በእጅ የሚያዝ ስልክ ይዞ ኒው ዮርክ ጎዳና ላይ የደወለው የዚሁ ድርጅት ባልደረባ ሆኖ ነው። ዛሬ የመኪና ቴፕን ከሥራ እያስወጣ ያለው የእጅ ስልክ የተወለደው ቴፑ ከተወለደበት ቤት ነው ማለት ነው።

የያኔው ራዲዮ ዋጋ 110 ዶላርና ከዚያም በላይ ነበር። በዚያው ጊዜ ደኅና ፎርድ ሞዴል ኤ 540 ዶላር ገደማ ይሸጥ ስለነበር፣ ራዲዮው የመኪናውን አንድ አምስተኛ ይወስዳል ማለት ነው። ገጠማውም ቀላል አልነበረም። ሣጥኑን፣ ስፒከሩንና መቆጣጠሪያውን በየፊናው ማሰር፣ ዳሽቦርዱን መብሳት፣ ለባትሪዎቹ ከወለሉ ሥር ቦታ መቁረጥ፣ አንቴናውን ከጣሪያው ልብስ ውስጥ መዘርጋት ያስፈልግ ነበር። ይህ ሁሉ ተደርጎም ሞተሩ ሲነሳ ራዲዮው ይንጫጫል። ምክንያቱ ካንዴላው ነው። ካንዴላ እሳት በጫረ ቁጥር እሱም እንደ አንዲት ትንሽ የራዲዮ ጣቢያ ያሰራጫል፤ አንቴናው ዘፈኑንም የካንዴላውንም ፍንጣቂ ሳይለይ ይቀበላል። የጋልቪን ሠራተኞች ብዙ የደከሙት በዚህ ነበር፤ በካንዴላው መስመር ላይ ሬዚስተር፣ በጄኔሬተሩ ላይ ኮንደንሰር እያሰሩ ጩኸቱን አፈኑት። ከእነዚያ ሠራተኞች አንዱ ቢል ሊር ይባላል። ስሙን አንባቢ ይያዝልኝ፤ ተመልሶ ይመጣል።

አውሮፓም ከዚህ የተለየ ታሪክ የላትም። እ.ኤ.አ. በ1932 በርሊን ላይ «ብላውፑንክት» በሚል ስም የወጣው የአውሮፓ የመጀመሪያ የመኪና ራዲዮ ክብደቱ 15 ኪሎ ነበር፤ ዋጋውም 465 ማርክ፣ የአንድ ትንሽ መኪና ሲሶ ያህል። እሱም በተሠራ መኪና ላይ ቀዳዳ ተበስቶ የሚገባ ነበር። በአሜሪካ አንዳንድ ቦታዎች ደግሞ ራዲዮ ሾፌሩን ያፈዛል፣ እንቅልፍም ያመጣል ተብሎ በሕግ ይከልከል የሚል ክርክር ተነሥቶ ነበር።

የመኪና ፋብሪካዎች ወደ ጨዋታው የገቡት ገበያው መኖሩን ካዩ በኋላ ነው። ጄኔራል ሞተርስ የራሱን የራዲዮ ክፍል ያቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1936 ነው። ከዚያ በኋላ ራዲዮው ከዳሽቦርዱ ጋር አብሮ ይሣል ጀመር፤ ቁልፎቹም የመኪናውን ጌጥ መሰሉ። ክራይስለር እ.ኤ.አ. በ1955 መጨረሻ ከፊልኮ ጋር ሆኖ ለ1956 መኪናዎቹ ሙሉ በሙሉ በትራንዚስተር የሚሠራ ራዲዮ በ150 ዶላር አቀረበ። ይህ ትልቅ እርምጃ ነበር። ከዚያ በፊት የራዲዮው አምፖሎች ከፍተኛ ቮልት ስለሚፈልጉ፣ የባትሪውን ኤሌክትሪክ እየቆራረጠ የሚንቀጠቀጥ መሣሪያ ያስፈልግ ነበር፤ ይህም ባትሪውን ይጨርሰዋል፤ ይሞቃል፤ ይጮኻል።

ያው ክራይስለር በዚያው ዓመት የሠራው ሌላ ነገር አለ፤ ባነበብሁት ቁጥር ያስቀኛል። መኪና ውስጥ የሸክላ ማጫወቻ ገጠመ! ከዳሽቦርዱ ሥር ተስቦ የሚወጣ፣ መርፌ ያለው፣ የሚሽከረከር ማጫወቻ ነው። መርፌው በጉድጓድ እንዳይዘል ክንዱን ከበድ አደረጉት፤ ሸክላው በደቂቃ 16 ከሲሶ ሁለት እጅ ጊዜ ብቻ እንዲዞር ሆነ። ይህም ቤት ያለው ሸክላ ከሚዞርበት ፍጥነት ግማሹ ነው። ስለዚህ ሰው ከቤቱ የሚወደውን ሸክላ ይዞ መውጣት አይችልም፤ የሚችለው ለዚህ ማጫወቻ ተብሎ በኮሎምቢያ የታተመውን መስማት ብቻ ነው። ጥቂት ዓመት ቆይቶ ቀረ። መበላሸቱ አንድ ነገር ነው፤ እኔን የገረመኝ ግን ሌላው ነው። ፋብሪካው መኪናውን ሸጦልህ ሲያበቃ፣ ውስጡ የምትሰማውንም ሊመርጥልህ ፈለገ።

ቢል ሊር የተመለሰው በዚህ ጊዜ ነው። ይህ ሰው ስሙን የያዘውን ትንሽ ጄት አውሮፕላን የሠራው ነው፤ ነገር ግን ከራዲዮ ፍቅሩ አልወጣም። ያወጣው ባለ ስምንት መስመር ካርትሪጅ ፎርድ እ.ኤ.አ. በ1966 ሥሪት መኪናዎቹ ላይ ገባ፤ ማጫወቻውን የሠራችውም ሞቶሮላ ናት። ክሩ ጫፍና ጫፉ የተጋጠመ ስለሆነ ማለቂያ የለውም፤ ይዞራል። ክፉ ልማዱ ከመስመር ወደ መስመር ሲሻገር ዘፈኑን መሐሉ ላይ «ቀጭ!» አድርጎ መቁረጡ ነው።

እኛ ዘንድ ታሪክ የሠራው ግን እሱ አልነበረም፤ ካሴት ነው። የሆላንዱ ፊሊፕስ፣ ሉ ኦተንስ በሚመራው ቡድን ያሠራትን ትንሿን ካሴት በርሊን ላይ ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1963 ነው። ፊሊፕስ ንድፉን ለሌሎች ፋብሪካዎች ያለ ክፍያ ስለፈቀደ ዓለምን ለማዳረስ ጊዜ አልፈጀባትም። ከካርትሪጁ የተለየችበት ዋናው ነገር አንድ ነው፤ ማንም ሰው በቤቱ ራሱ ሊቀዳባት ይችላል።

በአገራችን ከዚያ በፊት የነበረው ሸክላ ነው። ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት በአዋጅ ለሀገር ፍቅር ማኅበር የተሰጠ ስለነበር፣ አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 የራሱን ሸክላ ማሳተም ሲጀምር ከሕግ ጋር እየተጋፋ ነበር። ሸክላዎቹም የሚታተሙት ባሕር ማዶ ነው። ከአብዮቱ በኋላ አምሃ አገር ለቆ ሄደ፤ ሰዓት እላፊው የሌሊቱን ሙዚቃ ከጭፈራ ቤት አስወጣው፤ ሸክላው በካሴት ተተካ። ካሴት ደግሞ መኪና ውስጥ ይገባል። የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሾፌር ከመሪው በላይ ደርድሯት፣ የታክሲ ሾፌር በወንበሩ ሥር አስቀምጧት፣ አንድ ዘፈን በአንድ ወር ውስጥ ከአዲስ አበባ ጎንደርና ጅማ ይደርስ ነበር። ዛሬም ስክሪን ብቻ ያለውን ማጫወቻ «ቴፕ» የምንለው ያ ዘመን አፋችን ላይ ስለቀረ ነው።

አሁን ወደ ቀዳዳው ልምጣ። ጀርመኖች ለመኪና ራዲዮ የሚሆነውን ቀዳዳ ልክ በደረጃ ወሰኑት፤ ቁመቱ 53፣ ወርዱ 182 ሚሊ ሜትር። ይህ ልክ እ.ኤ.አ. በ1984 የዓለም ደረጃ ሆነ። ጃፓኖች ሁለቱን ደርበው እጥፍ ቁመት ያለውን ቀዳዳ አለመዱ። ነገሩ ሲታይ ተራ ነው፤ ለእኔ ግን ከሁሉም የሚበልጠው ታሪክ እዚህ ላይ ነው። የአንዱን አገር መኪና በሌላው አገር ራዲዮ መግጠም የተቻለው በዚህች ልክ ነው። ፓዮኒርም፣ ክላሪዮንም፣ አልፓይንም፣ ኬንዉድም በዚያች ቀዳዳ ገብተው ተወዳደሩ። ፓዮኒር እ.ኤ.አ. በ1984 የመኪና ሲዲ ማጫወቻ ሲያወጣ አሮጌ መኪና ያለው ሰው አዲስ መኪና እስኪገዛ መጠበቅ አላስፈለገውም። በቀላሉ የሚገባ ነገር በቀላሉ ይወጣልና፣ ሌባውም በዚችው ቀዳዳ ተጠቀመ። አዲስ አበባ ውስጥ ሰው ቴፑን እንደ ሣጥን ነቅሎ በእጀታው አንጠልጥሎ ለቅሶ ቤት ሲገባ ያየን ሰዎች ዛሬም አለን።

ፋብሪካዎቹ ዝም አላሉም። ጄኔራል ሞተርስ ከቦዝ ጋር ሆኖ ለ1983 ካዲላክ ሴቪል ለመኪናው ቅርፅ ተለክቶ የተሠራ ስፒከር አወጣ። ድምፁ በእርግጥ ያማረ ነበር። ነገር ግን እያንዳንዱ ስፒከር የራሱ ማጉያ ነበረው፤ ኦሙም ከተለመደው 4 ኦም ያነሰ ስለነበር ከገበያ የተገዛ ቴፕ አምጥቶ ከእሱ ጋር ማገናኘት አስቸጋሪ ሆነ። ቀዳዳው መዘጋት የጀመረው ያኔ ይመስለኛል። ቆይቶ የአየር ማቀዝቀዣው ቁልፍ ከራዲዮው ጋር ተጣበቀ፤ ከዚያ ስክሪን መጣ። ዛሬ በከተማችን የሚታዩት አዳዲስ የኤሌክትሪክ መኪኖች ራዲዮውን ንቀል ቢሉት ማራገቢያውም ሰዓቱም አብሮ ይነቀላል። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ስለከለከለ ደግሞ፣ እንደ እኔዋ ያለች ባለ ቀዳዳ መኪና ያለው ሰው ቢነካካት የሚፈረድበት አይመስለኝም።

«ከፋብሪካ እንደወጣ» ማለት ለማን እንደወጣም መጠየቅ ያስፈልጋል። የጎረቤቴ ትንሿ መኪና ራዲዮ ለጃፓን የተሠራ ነው። ጃፓን ለረጅም ዘመን የኤፍ ኤም ጣቢያዎቿን ከ76 እስከ 90 ሜጋ ኸርዝ ነው የደለደለችው። ስለዚህ በ1992 ዓ.ም. የተጀመረውን ኤፍ ኤም 97.1ም ሆነ ሸገር 102.1ን ይህ ራዲዮ ፈጽሞ አይሰማም። ጎረቤቴ በዚህ ኦሪጂናል ራዲዮ ዓመታት ሙሉ ሰዓት ሲያይበት ኖሯል። «አትንካው» ባዩ እሱ መሆኑን ልብ በሉልኝ።

በመጨረሻ መኪናዋን ለወጣቱ ወሰድሁለት። አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቅሁት፤ የመኪናዋን ሶኬት እንዳይቆርጥ። ቶዮታ ከቴፑ ኋላ ሁለት ሶኬቶች አሉት፤ አንዱ አሥር፣ ሌላው ስድስት እግር ያለው። ብዙ ሰው መቀነሻ ይመስለዋልና ይቆርጣቸውና ገመዱን በናስትሮ ይጠቀልላል፤ ከዚያ በኋላ የትኛው የየትኛው በር እንደሆነ የሚያውቅ አይገኝም። ማገናኛው ሱቅ ውስጥ ይገኛል። «እሺ ጋሼ፣ አልቆርጥም» አለኝና በካቻቢቴው ሥራውን ጀመረ። አዲሱ ቴፕ ካርቶን ላይ «4 በ50 ዋት» የሚል በትልቁ ተጽፏል። ይህ ለዓይን የተጻፈ ነው። መኪናው በ14 ቮልት ግድም እየሠራ 4 ኦም ስፒከር ላይ ለአንዱ የሚደርሰው ያልተዛባ ጉልበት 20 ዋት ቢሞላ ነው። እሱም ለጆሮ ይበቃል።

የበሩ ሽፋን ሲነሳ የንቡ ምሥጢር ታየ። ስፒከሩ ወረቀት ነው፤ ዳር ዳሩን የያዘው ላስቲክ በሃያ ስንት ክረምትና በጋ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ ወረቀቱም ከውስጥ በሚወርደው ውኃ ተበልቷል። ወጣቱ አዲሶቹን ከማሰሩ በፊት አንድ ተራ የድንጋይ ባትሪ አወጣና የስፒከሩን ሁለት ጫፎች ነካ አደረገበት። ወረቀቱ ወደ ውጭ ከወጣ ባትሪው ላይ ፖዘቲቭ የነካው ጫፍ ፖዘቲቭ ነው። አንዱ በር ተገልብጦ ከታሰረ አንዱ አየር ሲገፋ ሌላው ስለሚስብ ወፍራሙ ድምፅ ይጠፋፋል፤ የክራሩ ድምፅ ይቀራል፣ የከበሮው ይሄዳል። ይህን ማን እንዳስተማረው ብጠይቀው ከሌላ ኤሌትሪሽያን እንደተማረ ነገረኝ።

ነቅሎ ያወጣውን ኦሪጂናል ቴፕ ወደ ጎን ሲያስቀምጠው ካሴቷን ከኪሴ አወጣሁ።

ታላቅ ወንድሜ ከአብዮቱ በፊት ለትምህርት አሜሪካ ሄዶ እዚያው ቀረ። ስልክ ውድ ነው፤ እናታችን ደግሞ ጽሕፈት አታውቅም። ስለዚህ በ1971 ዓ.ም. ከጎረቤት በተዋስነው ቴፕ ድምፅዋን ቀድተን በሰው እጅ ላክንለት። እሷ ካረፈች ከዓመታት በኋላ ወንድሜ ለጉብኝት ሲመጣ ካሴቷን መልሶ ሰጠኝ። እቤት ያለው ማጫወቻ ከተበላሸ ቆይቷል። በእጄ የቀረው የካሴት አፍ ይህ ክር የሚበላው ቴፕ ብቻ ነበር፤ ያመነታሁትም ስለዚህ ነው።

ወጣቱ ነገሩን ሲሰማ ቴፑን ከፈተው። ክር የሚገፋውን ትንሽ ጎማ በአልኮል በነከረ ጥጥ ጠረገ፤ የላላውን ላስቲክ ከአንድ ከተጣለ ቴፕ ባወጣው ለወጠ። ከባትሪ ጋር አገናኘውና ከአዲሶቹ ስፒከሮች አንዱን አሰረለት። መጀመሪያ በማይረባ ካሴት ሞከርነው፤ አልበላም። ከዚያ የኔን አስገባሁ።

ጥቂት ሹክሹክታ፣ የወንበር ድምፅ፣ ከዚያ «ይቀዳል እንዴ?» አለች። ስለ ዝናቡ ነገረችው፤ ስለ ጤፉ ዋጋ ነገረችው፤ የጎረቤት ልጅ ማግባቷን ነገረችው። «ሁላችንም ደኅና ነን፤ ሁላችንም አለን» አለች፤ ደግማም አለችው። ያኔ መካከለኛው ወንድማችን አንድ ማታ ከቤት እንደወጣ ከቀረ አንድ ዓመት ከአራት ወሩ ነበር።

ወጣቱ «ማን ናቸው፣ ጋሼ?» አለኝ ቀስ ብሎ።

«እናቴ ናት።»

ካሴቷን አቆመና ወደ መጀመሪያው መለሳት። ስልኩን አውጥቶ ስፒከሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፤ ደጅ ቆርቆሮ ሲቀጠቅጥ የነበረውን ልጅ «እስቲ አንድ ጊዜ መዶሻውን አቁምልኝ!» ብሎ ጮኸበት።